የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሕይወትና ሰማዕትነት

የክርስቶስ ደቀ መዝሙርነት በደኅና ቀን ለሁሉ ይቀልላል፤ መከራ ሲመጣ ግን የያዘውን የሚያጸና ጥቂት ነው። ስለዚህ አበው ቤተ ክርስቲያን በዓሏን ስታከብር የሰማዕታትን ዜና ያስነብቡ ነበር። በዚህም በአቦምሳው ደብር የኢዮቤልዩ በዓል፣ በአገራችን ምድር ደማቸውን ያፈሰሱትን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ዜና ማስታወስ የተገባ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ ፍቼ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ፤ የመጀመሪያ ስማቸውም ኃይለ ማርያም ነበረ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ወደ ትምህርት ያዘነብሉ ስለ ነበረ፣ እንደ አገራችን ተማሮች ሁሉ ከመምህር ወደ መምህር እየተዘዋወሩ ዜማውንና ቅኔውን ተማሩ፤ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ አደላደሉ። ከዚህም በኋላ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ሥርዓተ ምንኵስናን ፈጸሙ።

ከመነኰሱም በኋላ ያወቁትን ለራሳቸው ብቻ ይዘው አልተቀመጡም። በወላይታ በደብረ መንክራት ተክለ ሃይማኖት፣ በኋላም በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ገዳም መምህር ኾነው አገለገሉ። የዝዋይ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ በመከራ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት የተሸሸጉባቸው ናቸው። ከስምጥ ሸለቆው ሙቀትና ከሐይቁ ማዕበል መካከል፣ ማንም በማያያቸው ስፍራ፣ ጥቂት ደቀ መዛሙርትን እያስተማሩ ያሳለፉት ጊዜ የኋላውን ጽናታቸውን ያዘጋጀ ነበር ማለት ይቻላል። በታላቅ ቀን የሚገኝ ትዕግሥት በትንሽ ቀን የተለመደ ነውና።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳስዋን ከእስክንድርያ መንበር ስትቀበል ኖራለች። በ1921 ዓ.ም. ግን ከራስዋ ልጆች አራት መነኰሳት ወደ ግብፅ ወርደው ተሾሙ፤ እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። አቡነ ጴጥሮስም መንበራቸውን በወሎ አድርገው ሕዝቡን በትምህርት ይጠብቁ ጀመር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢጣልያ ጦር በግፍ ወሰናችንን ጥሶ ገባ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቹ ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የሕሙማን ማረፊያ እንኳ አልተረፈም። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ጦርነት በጠላት ድል አድራጊነት ተፈጸመ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ኼደው ነበርና ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው መንጋ ተበተነ።

በዚያን ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ወደ መነኰሱበት ወደ ደብረ ሊባኖስ ኼዱ። በጸሎት ተሸሽገው ለመኖር ቢፈልጉ የሚነቅፋቸው አልነበረም፤ እርሳቸው ግን በሰላሌ የተሰበሰቡትን ዐርበኞች ያጽናኑና ይባርኩ ነበር። የራስ ካሣ ልጆች እነ ደጃዝማች አበራ ካሣ አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ በመከሩ ጊዜ፣ እርሳቸውም መስቀላቸውን ይዘው አብረው ወረዱ።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐርበኞች ከተማይቱን ወጉ። ነገር ግን ክረምቱ በርትቶ ወንዞች ሞልተው ነበር፤ በልዩ ልዩ አቅጣጫ የመጣው ጦርም በአንድ ሰዓት ሊገናኝ አልቻለም። ጥቃቱ ሳይሳካ ቀረ፤ አቡነ ጴጥሮስም በጠላት እጅ ገቡ።

ጠላት ከሞታቸው ይልቅ ቃላቸውን ይፈልግ ነበር። ዐርበኞችን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለኢጣልያ መንግሥት እንዲገዛ እንዲሰብኩ ጠየቋቸው። ይህን ቢያደርጉ ሕይወታቸው ይተርፍ፣ ክብርም ይጨመርላቸው ነበር። እርሳቸው ግን የነፍስ አባት ኾኖ ልጆቹን ለሐሰት አሳልፎ መስጠት እንደማይገባ ዐውቀው እንቢ አሉ። ለአገራቸው የሚሞቱት ሽፍቶች እንዳልኾኑ መሰከሩ፤ ሕዝቡም ለወራሪ እንዳይገዛ አወገዙ።

ሐምሌ 22 ቀን በአዲስ አበባ በአራዳ አቅራቢያ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ፣ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበረ። ቤተ ክርስቲያን የስማቸውን ባለቤት የሐዋርያው ጴጥሮስን ሰማዕትነት ሐምሌ 5 ቀን ታከብራለች፤ እርሳቸውም በዚያው ወር ከ17 ቀን በኋላ ጽዋውን ተቀበሉ።

መከራው በእርሳቸው አላበቃም። በ1929 ዓ.ም. ባልንጀራቸው አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ በደብረ ሊባኖስ፣ በጠላት በራሱ ቍጥር እንኳ፣ ከ400 የሚበልጡ መነኰሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። አገሪቱ ነፃ የወጣችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ነው። ለአቡነ ጴጥሮስም በአራዳ ሐውልት ቆመላቸው፤ ይህም ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ተተክሏል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ማድረግ ይገባል። አቡነ ጴጥሮስ በሞቱባት ሰዓት የነፃነት ምልክት አልነበረም፤ ጦሩ ተበትኗል፤ ንጉሡ በስደት ነበሩ፤ ዓለምም ዝም ብሏል። ድል እንደሚመጣ አይተው አልጸኑም፤ እውነት ስለ ኾነ ብቻ ጸኑ። እምነት ማለትም ይህ ነው፤ ፍሬውን ሳያዩ ዘርን መዝራት።

የዛሬ ምእመን ምናልባት በጥይት ፊት አይቆምም። ነገር ግን ድርቅ ሲመጣ ተስፋ አለመቍረጥ፣ ሕመምና ኀዘን ሲበረታ አለማጕረምረም፣ ለጥቅም ሲባል በባልንጀራ ላይ በሐሰት አለመመስከር፣ እነዚህ የየዕለቱ ምስክርነቶች ናቸው። በዚህ ደብር ድንጋይ ተሸክመው ከድካማቸው ፍሬ አስቀድመው ያረፉ አባቶችና እናቶችም ይህን ኢዮቤልዩ ሳያዩ ሠርተዋል። የሚበልጠውም ውለታ ድካማቸውን ሳያቋርጡ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስተላለፍ ነው።

የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ በረከት ከሕዝበ ክርስቲያኑ ሁሉ ጋራ ይኹን፤ አሜን።