የጥቂቶች ሚዛን፤ የሜጀር ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት ታሪክ

የአንድን ጦር ብዛት መቍጠር ቀላል ነው፤ ኅብረቱ የሚሠራውን ሥራ መመዘን ግን አስተዋይ ዓይን ይጠይቃል። ይህን ልዩነት በሥራ ከገለጡት ሰዎች አንዱ ሜጀር ጄኔራል ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ናቸው።

ዊንጌት የካቲት 19 ቀን 1895 ዓ.ም. በሕንድ አገር ተወለዱ። ከ1920 እስከ 1925 ዓ.ም. በሱዳን መከላከያ ጦር ሲያገለግሉ፣ ጥቂት ሱዳናውያን ወታደሮችን እየመሩ በኢትዮጵያ ጠረፍ የዝሆን አዳኞችንና የባሪያ ነጋዴዎችን ያሳድዱ ነበር። ውሃ በማይገኝበት በረሃ ጥቂት ሰዎች በሕይወት የሚመለሱት እያንዳንዱ የባልንጀራውን ሥራ ሲያውቅና ሲተማመንበት ነው።

በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ወደ ካርቱም ሲመለሱ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1932 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በዚያ ሆነው የሚመለሱበትን ቀን ይጠባበቁ ነበር። ለአርበኞች ጠመንጃና ገንዘብ ማከፋፈል ይበቃል የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ ነበረ። ዊንጌት ግን አርበኛውን የሚያበረታው ስጦታ ሳይሆን በዓይኑ ፊት በሥርዓት የሚዋጋ ክፍል ምሳሌነት መሆኑን አጥብቀው ተከራከሩ። ስለዚህ አንድ መኮንን፣ አምስት ሳጅኖችና የተመረጡ ኢትዮጵያውያን በአንድነት የሚሠሩባቸውን ትንንሽ ክፍሎች አቋቋሙ።

ለጦሩም የጌዴዎንን ስም ሰጡት። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተነገረው፣ ጌዴዎን ከ32 ሺህ ሰው 300 ብቻ ያስቀረው፣ በመጨረሻ ውሃ ሲጠጡ ባሳዩት ጠባይ መዝኖ ነው። የዊንጌት ጦርም ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን የተውጣጣ ሆኖ 2 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ፣ ይህ ጦር ግመሎቹ በመንገድ እያለቁበት ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ። በቡሬ የነበረው ጠላት በብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር፤ ነገር ግን በሌሊት ወረራ ተጨንቆና የመጣበትን ኃይል አብዝቶ ገምቶ ምሽጉን ለቀቀ።

ይሁን እንጂ ይኸው ጦር ድክመቱንም አሳየ። በክፍሎቹ መካከል ያለው መገናኛ ደካማ ስለ ነበረ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በቻራካ ወንዝ ዳር ከሚሸሸው የጠላት ጦር ጋር ብቻውን ተጋጥሞ ብዙ ሰው አጣ፤ ጠላትም አልፎ ሄደ። የወታደሮቹ ጀግንነት ባይጐድልም፣ ኅብረቱ በጐደለበት ስፍራ ሥራው ጐደለ።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ። የድሉ ባለቤት ግን ዊንጌት ብቻ አልነበሩም። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እንደ ነጋሽ በዛብህ ያሉ የጎጃም አርበኞች አምስት ዓመት ጠላትን ዕረፍት ባይነሡት ኖሮ፣ ጥቂቱ ጦር መንገድ ባላገኘም ነበር።

ከድል በኋላ ዊንጌት ስለ ዘመቻው ጥብቅ ዘገባ ጻፉ። የተላኩላቸው መኮንኖች ለሥራው የማይበቁ፣ የመገናኛውም ሥራ ደካማ እንደ ነበረ ገልጠው፣ አብረዋቸው ለደከሙት ሰዎች የሚገባው ክብር እንዲሰጥ ጠየቁ። ዘገባው ግን አለቆችን አስቈጣ፤ ማዕረጋቸውም ዝቅ አለ። በወባ ታመው በካይሮ ሳሉ ከኀዘን ብዛት ሕይወታቸውን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሱ። በኋላ ድነው በበርማ ትልቅ ጦር መሩ፤ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በሕንድ አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

በአዲስ አበባ ለብዙ ትውልድ ዕውቀት ያካፈለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰየመ። ስሙ ለመምህር የሚያስታውሰው ነገር አለ። ክፍል እንደ ጦር ነው፤ የተማሪውን ብዛትና የአንዳንዱን ውጤት መዝገብ ይነግረናል፤ አብረው ሲሠሩ ማን ማንን እንደ ደገፈ፣ ማን ብቻውን እንደ ቀረ ግን የሚያውቀው በመካከላቸው ቆሞ የሚመለከት መምህር ነው።