ከዝና በኋላ ተማሪ የሆነው የቴአትር ሰው፦ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ

ትወና በሥርዓት የሚጠናና ለትውልድ የሚተላለፍ ትምህርት እንዲሆን ካደረጉ የዓለማችን የኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ተዋናይ፣ አዘጋጅና መምህር የነበረው ይህ ሰው ለሙያው ያበረከተው ትልቁ ሥራ የመነጨው፣ በዝናው ከፍታ ላይ ሳለ የራሱን ድክመት ለመመርመር በመድፈሩ ነው።

ስታኒስላቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1863 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አሌክሴዬቭ በሚል ስም የሚጠራው ቤተሰቡ የወርቅና የብር ክር ፋብሪካ ባለቤት ነበር። አባቱ የልጆቹን የኪነ ጥበብ ፍቅር ተመልክቶ ሊዩቢሞቭካ በተባለው የገጠር ርስቱ ትንሽ የቴአትር አዳራሽ አሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1877 በዚሁ መድረክ ላይ የተወነው የ14 ዓመቱ ታዳጊ፣ የትወናውን ጠንካራና ደካማ ጎን በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ጀመረ። ራስን የመመርመር ልማዱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ወጣቱ ቀን በቤተሰቡ ድርጅት እየሠራ፣ ማታ ከአማተር ተዋንያን ጋር መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ስታኒስላቭስኪ የሚለውን የመድረክ ስም የያዘውም በዚያን ዘመን ነው። በሞስኮ የቴአትር ትምህርት ቤት ቢገባም ከጥቂት ሳምንታት በላይ አልቆየም። መምህራኑ የሚፈለገውን ውጤት በዝርዝር ቢነግሩትም፣ ወደ ውጤቱ የሚያደርሰውን መንገድ አላሳዩትም። ተማሪዎችም የመምህራኖቻቸውን ድምፅና እንቅስቃሴ ከመቅዳት አላለፉም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1897 ስታኒስላቭስኪ ከፀሐፌ ተውኔቱና ከመምህሩ ቭላዲሚር ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር በአንድ የሞስኮ ምግብ ቤት ተገናኘ። ሁለቱ ሰዎች 18 ሰዓት በፈጀ ውይይት አዲስ ቴአትር ለማቋቋም ተስማሙ። በዚህም መሠረት የሞስኮ የሥነ ጥበብ ቴአትር በ1898 ሥራውን ጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተመልካች ያልተቀበለው የአንቶን ቼኾቭ ተውኔት፣ "ሲጋል" የተሰኘው፣ በዚያው ዓመት በአዲሱ መድረክ ታላቅ አድናቆት አገኘ። ቴአትር ቤቱም ተውኔቱ የተሰየመባትን የባሕር ወፍ አርማው አደረጋት።

በ1906 ቡድኑ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዘዋውሮ በማሳየት ከፍተኛ ክብር ተጎናጸፈ። ስታኒስላቭስኪ ግን በዚያው ዓመት ለዕረፍት ወደ ፊንላንድ ሲያመራ ደስተኛ አልነበረም። ወዳጁ ቼኾቭ በ1904፣ የቴአትሩ ዋነኛ የገንዘብ ደጋፊ የነበረው ሳቫ ሞሮዞቭ ደግሞ በ1905 ሞተዋል። ከዚህም በላይ ያሳሰበው የራሱ ትወና ነበር። በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ያለፈ ሥራውን ሲመረምር፣ ተመልካች የሚያደንቅለት ገጸ ባሕርያት በውስጡ ሕይወት አጥተው እንደነበር ተገነዘበ። አንድን ሚና በመጀመሪያ ሲፈጥር የነበረው ስሜት ጠፍቶ፣ በድግግሞሽ ብዛት የቀረው የእጅ፣ የፊትና የድምፅ ልማድ ብቻ ነበር።

የ43 ዓመቱ ዝነኛ ተዋናይ ከዚህ በኋላ እንደ ጀማሪ ተማሪ ከሀሁ ተነሣ። ትኩረትን መሰብሰብ፣ የሰውነትን ውጥረት ማላላት፣ ገጸ ባሕርይው በያንዳንዱ ቅጽበት የሚፈልገውን ነገር ለይቶ ማወቅና በዚያ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብሎ ራስን መጠየቅ የምርምሩ መሠረቶች ሆኑ። ልምድ ያላቸው በርካታ ባልደረቦቹ አዲሱን ዘዴ በጥርጣሬ ስለተመለከቱት፣ በ1912 ወጣቶችን ያሰባሰበ የመጀመሪያውን ስቱዲዮ አቋቋመ።

የምርምሩን ውጤት ያቀረበበት ዋነኛ መጽሐፍም የተጻፈው በአንድ የትወና ተማሪ የዕለት ማስታወሻ መልክ ነው። ተማሪው ኮስትያ ይባላል፤ ይህም ኮንስታንቲን የሚለው ስም የቁልምጫ አጠራር ነው። በመጽሐፉ አንዲት ተማሪ የጠፋባትን ጌጥ እንድትፈልግ ትታዘዛለች። እርሷም ጭንቀቷን ለማሳየት መድረኩን እያቋረጠች ትሯሯጣለች፤ ጌጡን መፈለጉን ግን ጨርሶ ትረሳዋለች። መምህሩ ጌጡን ካላገኘች ከትምህርት ቤቱ እንደምትሰናበት ሲነግራት ግን በጽሞና ትፈልጋለች፤ የተመልካቾቿንም ልብ የምትገዛው ያን ጊዜ ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፤ ስሜት የሚመጣው ለማስመሰል በመጣር ሳይሆን ሥራውን ከልብ በመሥራት ነው።

በ1917 የተካሄደው አብዮት የቤተሰቡን ሀብት ቢያሳጣውም ከማስተማር አላገደውም። በ1928 የቴአትር ቤቱ 30ኛ ዓመት ሲከበር በመተወን ላይ ሳለ የልብ ሕመም ቢያጋጥመውም፣ ትዕይንቱን ሳያቋርጥ ፈጸመ። ከዚያ በኋላ በተዋናይነት ወደ መድረክ አልተመለሰም፤ ሆኖም ወጣቶችን በቤቱ እየተቀበለ ማሠልጠኑን ቀጠለ።

ስታኒስላቭስኪ ነሐሴ 1 ቀን 1930 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ በሞስኮ ከተማ አረፈ። የተማሪውን ማስታወሻ የያዘው መጽሐፍ በሩሲያኛ የታተመው እርሱ ካረፈ በኋላ በዚያው ዓመት ነው። ዘዴው ዛሬም በበርካታ አገሮች የትወና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። የሕይወት ታሪኩም፣ አንድ ባለሙያ ሥራው በልማድ ብቻ የሚከናወን መሆኑን ሲረዳ፣ ጭብጨባው ሳያዘናጋው እንደገና ለመማር ዝቅ ማለት እንደሚገባው ያስተምራል።