ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት እሳት

በአዲስ አበባ ከተማ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና የሚወርድ መንገደኛ ቴዎድሮስ አደባባይን ያገኛል። በአደባባዩም ሴባስቶፖል የተባለችው መድፍ አምሳያ ተሠርቶላታል። እውነተኛይቱ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ትገኛለች። ብዙዎች ይህችን መድፍ የጦርነት ምልክት አድርገው ያዩአታል፤ እኛ ግን የእጅ ጥበብ ታሪክ እንዳለባት ስለምናምን የንጉሡን ሕይወት ከዚህ አንጻር በአጭሩ እናቀርባለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸውም ካሣ ኃይሉ ነበር። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ሲዋጉ የመድፍን ኃይል በዓይናቸው አዩ፤ ድልም ሆኑ። ከዚያ በኋላ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፈው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ።

በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር። ንጉሡ ግን ያለ ጥበብ አገር እንደማይጠነክር ተረድተው ነበርና፣ ወንጌል ለማስተማር የመጡትን አውሮፓውያን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። እነዚህ ሰዎች መድፍ የማፍሰስ ሙያ አልነበራቸውም፤ የመጀመሪያው ሙከራም ከሸፈ። ነሐስን ለማቅለጥ ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ይህን በከሰልና በወናፍ ማግኘት አድካሚ ነው፤ የቀለጠውም ሁሉ ሳይቀዘቅዝ ቅርጹን መሙላት አለበት። ሆኖም ሥራው ተደጋግሞ ተሳካ፤ በመጨረሻም ወደ 7 ቶን የምትገመተው ሴባስቶፖል ተሠራች።

የዛሬ ተማሪ ይህን ከዘመናችን ሥራ ጋር ቢያስተያየው ይጠቀማል። ተንግስተን የተባለው ብረት በስፔን አገር ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1783፣ ማለት ንጉሡ ሳይወለዱ ነው። የሚቀልጠው በ3422 ዲግሪ ሲሆን በዚህ ከብረታ ብረት ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ በያጁ ሹል የተንግስተን ዘንግ ይዞ፣ አርክ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ነበልባል በዘንጉና በሚበየደው ብረት መካከል ያስነሣል። አርጎን የተባለው ጋዝ አየሩን ይከላከላል፤ የሁለቱ ብረቶች ጠርዝ ቀልጦ ሲጋጠም ዘንጉ ሳይቀልጥ ይቆያል። አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት በዚህ ዘዴ አምረው ይበየዳሉ። ጋፋት ብዙ ሰው ደክሞ ካገኘው ሙቀት የሚበልጠውን ዛሬ አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ በእጁ ይመራዋል።

ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልሱ ስለ ዘገየ ተቆጥተው ቆንስሉንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ጥበበኞች እንዲላኩላቸው ጠየቁ፤ ነገር ግን ጥበበኞቹ ከእርሳቸው ዘንድ አልደረሱም። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ሲጠረግ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ መድፊቱም በመጋቢት ወር ደረሰች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ንጉሡ የተናቀውን የእጅ ሥራ ማክበራቸው ትልቅ አስተዋይነት ነው። ነገር ግን ጥበቡ በትእዛዝና በፍርሃት የተገኘ፣ በጥቂት እንግዶች እጅ ብቻ የነበረ ስለሆነ፣ ንጉሡ ሲወድቁ የጋፋት እሳት ጠፋ፤ መድፊቱ ቀረች፣ ሙያው ግን አልቀረም። ሙያ ሥር የሚሰደው ከመምህር ወደ ተማሪ በፈቃድ ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች የብየዳውንም ሆነ የቅጥቀጣውን ሥራ ሳንንቅ በትጋት እንማር፤ ወላጆችም ልጃቸው እጁን በከሰል ቢያጠቁር አይፈሩ።