ስድስት ወር በር ላይ የቆሙት ኢማም

 

እስቲ ስልካችሁን ክፈቱና የጻፋችኋቸውን ዕቅዶች ተመልከቱ። ከረመዳን ማግስት ተጀምሮ ሁለተኛው ሳምንት ላይ የቆመ የሒፍዝ ፕሮግራም አለ። በግማሽ የቀረ ትምህርት አለ። እንደውልላቸዋለን ተብሎ ወር ያለፋቸው ዘመዶች አሉ። ክፍሉም ጠረጴዛውም እንደተዝረከረከ ነው። ሰው ሲያያችሁ ሰነፍ ይላችኋል፤ እናንተም ማታ ማታ ራሳችሁን በዚያው ስም ትጠራላችሁ። ስንፍና የለም አልላችሁም፣ አለ። ነገር ግን ሰው ከልቡ ወደሚፈልገው መልካም ነገር እግሩ አልራመድ ሲለው፣ ከኋላ አንቆ የያዘው ምን እንደሆነ መጠየቅም አለበት። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ከፍለውበታል። ስማቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፦ ሑጀቱል ኢስላም ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ፣ ረሒመሁላህ።

ብዙ ሰው የሳቸውን ታሪክ ከባግዳድ ይጀምራል። እኛ ከልጅነታቸው እንጀምር።

ጡስ በኹራሳን ምድር፣ ዛሬ በኢራን መሽሀድ ከምትባለው ከተማ አጠገብ የነበረች ከተማ ናት። ሙሐመድ እዚያ በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) ተወለደ። አባቱ ሱፍ እየፈተለ በሱቁ የሚሸጥ ድሃ ነበር። ራሱ አልተማረም፤ ግን ዑለማን ይወድ ነበር፣ ከሥራው ሲመለስ በአቅሙ ይኻድማቸው ነበር። ፈቂሆች ሲያስተምሩ ሲሰማ እያለቀሰ ፈቂህ ልጅ እንዲሰጠው አላህን ይለምን ነበር፤ ወደ ወዕዝ መጅሊስ ሲሄድ ደግሞ ዋዒዝ ልጅ ይለምናል። ሞት ሲቀርበው ሁለቱን ልጆቹን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ለአንድ ሱፊ ወዳጁ አደራ ሰጠ። እኔ ያልተማርኩትን እነሱ ይማሩልኝ፣ የተውኩላቸው ገንዘብ በዚህ ይለቅ አለው። ገንዘቡ ጥቂት ነበርና አለቀ። ባለ አደራውም ድሃ ነበር። ስለዚህ ልጆቹን መክሮ ወደ መድረሳ ላካቸው፤ ለምን ቢባል መድረሳ የገባ ደረሳ ቀለብ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ይህ ሕፃን ወደ ዒልም የገባው በእንጀራ በር ነው። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ በሀገራችንም የሰፈሩን ሰው ማዕድ እየተካፈለ ኪታቡን የጨረሰ ስንት ደረሳ አለ! ግን የሕፃን ልብ የሚይዘውን ትምህርት አስቡት። አባት ይሄዳል። ገንዘብ ያልቃል። ዒልም ካለህ ግን ትበላለህ፣ ጠያቂ ታገኛለህ፣ አትጣልም። ኢማሙ ካደጉ በኋላ ያንን ዘመን ሲያስታውሱ፣ ዒልምን የፈለግነው ለአላህ ብለን አልነበረም፣ ዒልም ግን ከአላህ ለሌላ መሆንን እምቢ አለ የሚል ሐሳብ ይናገሩ ነበር። ይህ እምቢታ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ወጣቱ ሙሐመድ ለትምህርት ወደ ጁርጃን ሄደ። የተማረውን በማስታወሻ እየጻፈ አጠራቀመ። ሲመለስ መንገድ ላይ ሽፍቶች ያለውን ሁሉ ዘረፉት። እሱ ግን ዝም ብሎ አልሄደም፤ ተከተላቸው። አለቃቸው ተመለስ፣ አለዚያ ትሞታለህ ቢለውም ሙሐመድ ሌላው ይቅር፣ ወረቀቶቼን ብቻ መልሱልኝ፣ ለእናንተ አይጠቅሟችሁም ብሎ ለመነ። ሽፍታው ሳቀበት። ወረቀቱ ሲወሰድብህ ባዶህን የምትቀር ከሆነ ምኑን ተማርከው ዓይነት ነገር ተናግሮ መለሰለት። ሙሐመድ ይህን ከአላህ እንደተላከ ምክር ቆጠረው። ጡስ ገብቶ ሦስት ዓመት ተቀመጠና የጻፈውን ሁሉ በቃሉ ያዘ።

ይህን ታሪክ ስለ ሒፍዝ ጥቅም ስንናገር ሁልጊዜ እንጠቅሰዋለን፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ሳነበው ሌላም ነገር ይታየኛል። አባቱን ያጣ፣ ውርሱ ያለቀበት ልጅ አሁን ደግሞ ወረቀቱን ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ሊወስድበት የማይችል ቦታ ፈልጎ ሁሉን ጭንቅላቱ ውስጥ ቆለፈበት። ቁስል አንዳንዴ ሰውን ጎበዝ ያደርጋል። ጉብዝናው ግን ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

የሚቀጥለውን ቶሎ ልለፈው። ኒሻቡር ሄዶ ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ተማረ፤ እሳቸው በ478 ሂጅራ ሲሞቱ ወደ ሰልጁቁ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ ሰፈር አመራ። እዚያ በሙናዘራ ዑለማን እየረታ ስሙ ገነነ። በ484 (እ.ኤ.አ. 1091)፣ ገና በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ እያለ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። ከአሁን በኋላ አንቱ ልበላቸው። ሦስት መቶ ተማሪ ከፊታቸው ይቀመጣል። ባግዳድ ሲገቡ የለበሱትንና የተቀመጡበትን እንስሳ ያዩ ሰዎች አምስት መቶ ዲናር ገምተውታል። ኪታብ በኪታብ ላይ ይጽፋሉ፤ ፈላስፎችን ይሞግታሉ። ድሃው ሱፍ ፈታይ የለመነው ሁሉ ደረሰ።

ያኔ ነው ውስጣቸው መናወጥ የጀመረው።

ራሳቸውን ሲመረምሩ አስደንጋጭ ነገር አገኙ፤ ለማስተማር የሚያነሳሳቸው የአላህ ውዴታ ሳይሆን ክብርና ዝና መሆኑን አዩ። በሚፈርስ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆሙ ተሰማቸው። መፍትሔውንም አወቁት፦ ከባግዳድ መውጣት፣ ሹመቱን መተው፣ ልብን ማከም። ማወቅና መሄድ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ቀን ለመውጣት ይቆርጣሉ፣ በማግስቱ ያፈርሱታል። ጠዋት አኺራን የተመኘው ልብ ማታ ይሟሟል። ከ488 ሂጅራ ረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1095) ጀምሮ ወደ ስድስት ወር ገደማ እንዲህ ሆኑ። ይህን የምታውቁት በሰው ወሬ አይደለም፤ አል-ሙንቂዝ ሚነ ደላል በተባለው ኪታባቸው ራሳቸው ሳይደብቁ ጽፈውታል።

አስቡት፣ በዘመኑ ስለ ነፍስያ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ማን ነበር? የጎደላቸው ምክር አልነበረም። ታዲያ ምን ያዛቸው? ሸይጧን በጆሯቸው ምን ይላቸው እንደነበር ነግረውናል፦ ይህ አላፊ ስሜት ነው፣ እንዳትሸነፍለት፤ ማንም የማይሻማህን ይህን ክብርና የተደላደለ ኑሮ ከተውክ፣ ነገ ብትፈልገው መልሰህ አታገኘውም። እኔ ይህን ሳነብ የምሰማው የዚያን የጡስ የቲም ፍርሃት ነው። ከመድረሳው ከወጣሁ ማን ያበላኛል የሚል ልጅ ትልቁ ሰው ውስጥ አሁንም ቁጭ ብሏል። ሸይጧን አዲስ ፍርሃት መፍጠር አላስፈለገውም፤ የቆየውን ቀሰቀሰው። ኢማሙ ነገሩን በዚህ መልክ አላስቀመጡትም፤ ይህ የኔ አረዳድ ነው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ የዘመኑን ፖለቲካ ይጠቅሳሉ፤ ኒዛሙል ሙልክ በ485 ተገድሏል፣ ሱልጣን መሊክሻህም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞቷል፤ ባግዳድ ሰላም አልነበረችም። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ራሳቸው ስለ ልባቸው የሰጡትን ምስክርነት አስቀድማለሁ።

እናንተስ? ጥሩ ውጤት ባመጣችሁ ቀን ብቻ የተሳማችሁ ልጆች ነበራችሁ? ከወንድም ከእህት ጋር እየተነጻጸራችሁ ያደጋችሁ? አንድ ጊዜ ቁርኣን ስትቀሩ ተሳስታችሁ በሰው ፊት የተሳቀባችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሙስሐፉ በተከፈተ ቁጥር ሆዳችሁ የሚረበሽ? ይህን ሰበብ አድርጋችሁ ተኙበት እያልኩ አይደለም። ግን ስሙን ያላወቃችሁለትን ነገር በዕቅድ ብዛት አታሸንፉትም።

ወደ ኢማሙ እንመለስ። እሳቸው መወሰን ሲያቅታቸው ሰውነታቸው ወሰነ። ምላሳቸው ተቆለፈ። ተማሪዎቻቸውን ለማስደሰት አንድ ቀን እንኳ ላስተምር ብለው ይቀመጣሉ፤ አንዲት ቃል አትወጣም። በዚያ ላይ ሐዘን ወደቀባቸው፤ ምግብ አልዋጥ፣ አልፈጭ አለ፤ ኃይላቸው ደከመ። ሐኪሞች መጡና ሕመሙ ከልብ የመነጨ መሆኑን፣ ያ ጭንቀት ካልተወገደ መድኃኒት እንደማይሠራለት ተናግረው ተስፋ ቆረጡ። ልብ በሉ፣ ኢማሙ ሐኪም አልናቁም። ከእናንተ መካከል መብላት መተኛት ያቃተው ካለ ሐኪም ዘንድ መሄድ የኢማን ጉድለት አይደለም።

ምርጫቸው ሁሉ ሲያልቅ ማምለጫ እንደሌለው ምስኪን ወደ አላህ ተጠጉ። እሱም ክብሩን፣ ገንዘቡን፣ ልጆችንና ወዳጆችን ትቶ መውጣትን ለልባቸው አቀለለላቸው። አወጣጣቸው ጀብድ የሞላበት አልነበረም። ወደ ሻም መሄድ አስበው ወደ መካ እንደሚሄዱ ለሰው ነገሩ፤ ኸሊፋውም ወዳጆቻቸውም እንዳይዟቸው ፈርተው ነበርና። ለልጆቻቸው የሚበቃውንና ለራሳቸው ስንቅ የሚሆነውን አስቀርተው የቀረውን ገንዘብ አከፋፈሉ። የማስተማሩን ቦታ ወንድማቸው አሕመድ እንዲሸፍን አደረጉ። በ488 ዙልቂዕዳ ወጡ።

ደማስቆ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ በመስጂዱ ሚናራ ላይ በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው በዚክር ይውሉ ነበር። ከዚያ በይተል መቅዲስ፤ እዚያም በየቀኑ ቁበቱ ሰኽራ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ቀጥሎ በአል-ኸሊል በነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐለይሂ ሰላም) ቀብር ዘንድ ሦስት ነገር ለራሳቸው ቃል ገቡ፦ የገዢ ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ወደ ገዢ ደጅ ላይሄዱ፣ ከማንም ጋር ሙናዘራ ላይገጥሙ። ሦስቱን አንድ በአንድ እዩአቸው። ያበላቸው፣ ያከበራቸው፣ ያገነናቸው እነዚህ ናቸው። በጥቅሉ ጥሩ ሰው እሆናለሁ አላሉም፤ የታሰሩበትን ገመድ ለይተው ያዙ። ሐጅም አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለላቸው እንዳትሉ። የልጆቻቸው ጥሪ ወደ ሀገር ሳባቸው፤ ቤተሰብ፣ ኑሮ፣ የዘመኑ ሁኔታ ኸልዋቸውን ይበጠብጠው ነበር። የጠራ ጊዜ የሚያገኙት አልፎ አልፎ እንደነበር፣ ተስፋ ግን እንዳልቆረጡ ጽፈዋል። አሥር ዓመት ያህል እንዲህ ሄደ።

ኢሕያኡ ዑሉሚዲንን የጻፉት በዚህ ዘመን ነው፤ አርባ ኪታብ። አሥረኛው ስለ ውርድ አደረጃጀት ነው፤ ቀኑን በሰባት ክፍል ከፍለው ለእያንዳንዱ ሥራ ይሰጡታል። ደስ የሚለኝ ሁሉንም ሰው በአንድ ፕሮግራም አለማስገደዳቸው ነው። ዓሊሙ፣ ተማሪው፣ ለቤተሰቡ የሚደክመው ሠራተኛ፣ ሕዝብ የሚያስተዳድረው እያሉ ይለያሉ፤ ልጆቹን የሚያበላ ሠራተኛ በሥራ ሰዓቱ ገበያ ላይ መዋሉ የሱ ውርድ ነው። ይህን ያህል ለሰዓት ሥርዓት ያወጡት ሰው አንድ ውሳኔ ይዘው ስድስት ወር የተወላወሉት ሰው ናቸው።

በ499 (እ.ኤ.አ. 1106) የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ወዚሩ ፈኽሩል ሙልክ ኒሻቡር መጥተው እንዲያስተምሩ አጥብቆ ጠየቃቸው። የአል-ኸሊሉ ቃልስ? እሳቸውንም አስጨንቋቸዋል፤ የልብ ባለቤቶችን አማከሩና ከኸልዋ እንዲወጡ ስለተስማሙባቸው ሄዱ። ላይ ላዩን ሲታይ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። እሳቸው ግን ይህ መመለስ አይደለም ይላሉ፤ ያኔ ክብር የሚያስገኘውን ዒልም ያስተምሩ ነበር፣ አሁን ክብርን የሚያስተወውን።

አባባሉን የምንቀበለው እሳቸው ስላሉት ብቻ አይደለም። በዘመናቸው የነበረው የኒሻቡሩ ዓሊም ዐብዱል ጋፊር አል-ፋሪሲ ቀድሞ ያውቃቸው ነበር፤ በችሎታቸው የሚኮሩ፣ ሰውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ እንደነበሩ መስክሯል። ከጉዟቸው በኋላ ደጋግሞ ጎበኛቸው። መጀመሪያ ማስመሰል መስሎት ተጠራጥሮ ነበር፤ መርምሮ ሲያረጋግጥ ሰውዬው በእርግጥም ተለውጠዋል። በጉዞው ማግሥት ባግዳድ ያዩዋቸው ሰዎች ደግሞ ልብሳቸውን እንደገና ገምተውታል፦ አሥራ አምስት ቂራጥ፣ ማለትም አንድ ዲናር እንኳ የማይሞላ።

መጨረሻ ላይ ወደ ጡስ ተመለሱ። በቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ፣ ለሱፊዎች ኻንቃህ ሠሩ፤ ጊዜያቸውን ቁርኣን በማኽተም፣ ከልብ ባለቤቶች ጋር በመቀመጥና በማስተማር መካከል ከፋፈሉት። የሦስት መቶ ተማሪዎች አስተማሪ የነበሩት ሰው በእርጅናቸው የቡኻሪንና የሙስሊምን ሐዲሥ ለመማር እንደገና ተቀመጡ። ደረሳ የሚበላበትን መድረሳ፣ ደረሳ ሆነው ቀለብ ባገኙባት ከተማ ሠሩ።

ሰኞ፣ ጁማደል ኣኺር 14 ቀን 505 (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1111) ማለዳ፣ ወንድማቸው አሕመድ እንዳስተላለፈው፣ ውዱእ አድርገው ፈጅርን ሰገዱ። ከፈናቸውን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ተቀብለው ሳሙት፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉት፣ ወደ ንጉሡ ለመግባት መዘጋጀታቸውን ተናገሩ። እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ፤ ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ አለፉ። አባታቸው አንድ ላይ አደራ ከሰጣቸው ሁለት ልጆች አንዱ፣ ዋዒዝ የሆነው አሕመድ፣ ይህን ለእኛ ለማስተላለፍ ተረፈ። አላህ ሁለቱንም፣ ሱፍ ፈታዩንም አባታቸውን ይዘንላቸው።