የግሬስ ሆፐር ሕይወትና የሽቦዋ ቁራጭ ትምህርት

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የመኪናውን ውስጥ ማወቅ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ እዚህ ደማም፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር በምንኖር የኢትዮጵያ ተማሪዎች መካከል ሰሞኑን ብዙ አከራክሯል። ከፊሎቹ የፕሮግራሙን ቋንቋ መቻል ይበቃል ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ መኪናውን የማያውቅ ሰው ጥገኛው ሆኖ ይቀራል ይላሉ። እኛ ሕክምና የምናጠና ብንሆንም ነገሩ ይመለከተናል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን የቆሙትን የአንዲት ታላቅ ሴት የሕይወት ታሪክ ለውድ አንባብያን ማቅረብ ወደድን።

ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ገደማ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ፈታተው መልሶ መግጠም ስላቃታቸው፣ በቤት ያሉትን ሌሎች ሰዓቶች አንድ በአንድ ፈቱ። እናታቸውም ከዚያ ወዲያ በአንድ ሰዓት ብቻ እንዲወሰኑ አደረጓቸው። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ የቫሳር ኮሌጅም መምህርት ነበሩ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1943 ወደ አሜሪካ ባሕር ኃይል ገቡ፤ በዓመቱም በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድ በተባለው የሒሳብ መኪና ላይ ተመደቡ።

የዚህ መኪና ርዝመት 15 ሜትር ያህል፣ በውስጡ የተዘረጋው ሽቦ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ትእዛዝ የሚቀበለው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ስለነበረ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ተግባር ሳያውቁ ማሠራት አይቻልም ነበር። ሆፐር መኪናውን አጥንተው፣ በ1946 የታተመውንና ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መመሪያ በመጻፍ ዋናውን ድርሻ ወሰዱ። በ1947 ማርክ ሁለት ሲበላሽ ሠራተኞቹ ከፍተው ቢመለከቱ፣ ሪሌ በሚባለው የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተጣብቃ ተገኘች። ሆፐር ይህን ታሪክ እስከ እርጅናቸው ድረስ ይተርኩት ነበር። ጉድለቱ ያለው ከመኪናው አካል ላይ ነበርና፣ ወረቀቱን ብቻ የሚመረምር ሰው ባላገኘውም ነበር።

ይሁን እንጂ ይኸው እውቀት ሌላውን ሰው ከሸክሙ ለማላቀቅ አነሣሣቸው። በ1952 ኤ ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር ሠሩ፤ ይኸውም ፕሮግራምን አቀናብሮ መኪናው ወደሚረዳው ትእዛዝ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። ብዙዎች አላመኗቸውም። እርሳቸው ግን ገፉበት፤ በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፈው ፍሎውማቲክ የተባለው ቋንቋቸው በ1959 ለተጀመረው ለኮቦል መሠረት ሆነ።

እንግዲህ ፕሮግራም ጸሐፊውን ከሽቦው ያራቁት እርሳቸው ናቸው። ሆኖም በየንግግራቸው ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቁራጭ ሽቦ ለአድማጮች ያድሉ ነበር። ይህ ርዝመት በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው ርቀት ነው። በሽቦዋ አማካይነት ያስተማሩት፣ ትእዛዝ ሁሉ በእውነተኛ ቁስ ውስጥ እንደሚጓዝና ጊዜ እንደሚበላ ነው። በ1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጡ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አረፉ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? ሐኪም መድኃኒት አይቀምምም፤ ነገር ግን የኩላሊትን ሥራ ሳያውቅ ቢያዝ በሽተኛውን ሊገድል ይችላል። ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመጣም፣ አንድ የሞባይል አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄያት ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ይይዛል። ይህን ያላወቀ ፕሮግራም ጸሐፊ ለበሽተኛ የሚላከውን የመድኃኒት ማሳሰቢያ ስንት ጊዜ ዋጡ ከሚለው ቃል ላይ ሊቆርጠው ይችላል። የፊደላችንን ጠባይ ደግሞ ከእኛ በቀር ማን ያስብልናል? ስለዚህ ሁላችን ብየዳ እንማር ባንልም፣ ከምንጽፈው ትእዛዝ በታች ምን እንደሚሠራ እንወቅ እንላለን።