እንዶድንና የእናቶችን ዕውቀት ያከበሩት ሊቅ

በረመዷን ወር የሶሓቦችንና የዑለማዎችን ታሪክ ማውጋት ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ሥነ ሕይወትን ተምረው ሕዝብን ስለጠቀሙ አንድ የአገራችን ሊቅ እናወጋችኋለን።

እኛ ደምበጫ ያደግን ሰዎች እንዶድን ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከቁርኣን ቤት ስንለቀቅ እናቶቻችን ወንዝ ዳር የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው፣ በአረፋው ጋቢና ነጠላ ሲያጥቡ እናይ ነበር። እኛም እዚያው እንንቦጫረቅ ነበር። ውኃው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

የጠየቁት አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1935 ጅግጅጋ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ ሄዱ።

የዚህ በሽታ መንስኤ ጥቃቅን ትል ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ገብቶ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አክሊሉ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድታፈስ ጠየቋት፤ እነሱም ሞቱ። ትልቁ ግኝት የተጀመረው እናቶች ከያዙት ዕውቀት ነው።

በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አድዋ ውስጥ ለዓመታት በተካሄደው ሙከራ በሕፃናት ላይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ሆኖም የውጭ ተቋማት አፍሪካዊ ያገኘውን ለማመን ዘገዩ፤ ምርምሩ በሀብታም አገር ቤተ ሙከራ እንዲደገም ፈለጉ። አክሊሉ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1997 አረፉ።

ውድ ወላጆች፣ አንድ ነገር እንመንላችሁ። እኛ የጠሃራን ምዕራፍ ለዓመታት አስተምረናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን፣ በውኃ መውረጃ ዳር መጸዳዳትንም ከልክለዋል። ይህን ስናስተምር ግን የአደብ ጉዳይ ብቻ አድርገን አልፈነዋል። ልጆችም ባዮሎጂ ለመማር ሲመርጡ ለዲናቸው ምን ይጠቅማቸዋል ብለን አቀዝቅዘናቸዋል። የአክሊሉን ሕይወት ስናጠና አፈርን። እነዚያ ልጆች ቢማሩ ኖሮ ለእኛም ምዕራፉን ያስረዱን ነበር።

ስለዚህ በዚህ ረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ይህን ታሪክ ንገሯቸው። ወንዝ ዳር እንዳይጸዳዱ፣ በረጋ ውኃ እንዳይዋኙ አስጠንቅቋቸው። እንዶድንም በራሳችሁ ወንዝ ውስጥ አትጨምሩ፤ ዓሣንም ይገድላልና። ባዮሎጂ ልማር የሚል ልጅ ካላችሁ ደግሞ በርቱለት። የሚጠቅም ዕውቀት ባለቤቱ ከሞተ በኋላም የማይቋረጥ ሶደቃ ነው።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን። ረመዷን ሙባረክ።