ፔስታሎዚና የሽታንስ ልጆች

ሕፃናትን በማስተማር ስሙ በዓለም የታወቀው ዮሐን ሐይንሪሽ ፔስታሎዚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1746 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በአምስት ዓመቱ ስለ ሞተበት፣ እናቱና ባቤሊ የተባለች ታማኝ የቤት ሠራተኛ አሳደጉት።

በ1774 ዓ.ም. ኖይሆፍ በተባለው እርሻው የድኻ ልጆችን ሰብስቦ መፍተልንና ሽመናን እያስተማረ ማሳደግ ጀመረ። የእጃቸው ሥራ ቀለባቸውን ይሸፍናል የሚል ተስፋ ነበረው፤ ነገር ግን ሒሳቡ አልሞላለትምና ገንዘቡን ጨርሶ በ1780 ዓ.ም. ቤቱን ዘጋ።

በ1798 ዓ.ም. የፈረንሳይ ወታደሮች የኒድቫልደንን ሕዝብ በኃይል ሲወጉ፣ በሽታንስና በአካባቢዋ ብዙ ልጆች አባትና እናት አጡ። በ1799 ዓ.ም. መጀመሪያ ፔስታሎዚ በመንግሥት ታዝዞ በአንድ የሴቶች ገዳም ልጆቹን ተቀበለ፤ ቍጥራቸውም ወደ 80 ደረሰ። ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ሲሆን፣ የምትረዳው አንዲት የቤት ሠራተኛ ብቻ ነበረች።

ልጆቹ እከክ የወረሳቸውና በራብ የከሱ ነበሩ። አንዳንዶቹን ልመና ደፋሮችና ዋሾች አድርጓቸው ነበር፤ ሌሎቹም ከመከራ የተነሣ ሰው አያምኑም ነበር። ፔስታሎዚ ስለ መልካም ጠባይ ከመናገሩ አስቀድሞ ምግብን፣ ልብስንና ፍቅርን ሰጣቸው፤ የሰጠውም ለጨዋው ብቻ መርጦ ሳይሆን ለኹሉም ነው። አብሯቸው በላ፤ በመካከላቸው አደረ፤ የታመሙትን አስታመመ። ማታ ከኹሉ በኋላ ይተኛ፣ ጧት ከኹሉ ቀድሞ ይነሣ ነበር።

ሆኖም ስጦታ ብቻውን ጠባይን አይለውጥም፤ በመጀመሪያው ወራት አንዳንዶቹ ልብሱን እንዳገኙ ኰብልለዋል። ስለዚህ ፔስታሎዚ ክፉው ልማድ በሚለቀው ስፍራ መልካሙን ለመትከል ደከመ። ዝም ብሎ ማዳመጥን አለማመዳቸው፤ የሚያውቀው ልጅ የማያውቀውን እንዲያስተምር አደረገ። እልኸኛውን የቀጣበት ጊዜም ነበር። አልትዶርፍ የተባለች ከተማ በተቃጠለች ጊዜ፣ ከዚያ ወደ 20 የሚሆኑ ልጆች ቢመጡ ምግቡ እንደሚቀንስ፣ ሥራውም እንደሚበዛ ነግሮ ፈቃዳቸውን ጠየቀ፤ ልጆቹም በደስታ ተስማሙ። ትናንት ለቍራሽ የሚለምኑት ዛሬ የራሳቸውን ድርሻ ለመካፈል ፈቀዱ።

በሃያኛው መቶ ዓመት የተነሡ የጠባይ ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ነገር በፈተና መርምረዋል። አንድ ልጅ በረብሻ ይፈልገው የነበረውን ትኵረት ሳይረብሽ በየጊዜው ቢያገኝ፣ ረብሻው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን ስጦታው እጅግ ከበዛ፣ የሚሻውን በጨዋ ቃል ለመጠየቅ የሚያነሣሣው ምክንያት ሊጠፋ ይችላል፤ ስጦታው ከረብሻው ጋራ ከገጠመም ረብሻውን ያበረታል። ስለዚህ ስጦታውን ቀስ በቀስ እየቀነሱ፣ ጨዋው ልመና መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ይገባል።

በሰኔ 1799 ዓ.ም. ሕንጻው ለወታደሮች ሆስፒታል ስለ ተፈለገ የሽታንስ ሥራ ተቋረጠ። ፔስታሎዚም በቡርግዶርፍ፣ ኋላም በኢቨርዶን እስከ 1825 ዓ.ም. አስተማረ፤ ከየአገሩም ብዙ መምህራን ሊያዩት መጡ። በ1827 ዓ.ም. በብሩግ ከተማ ዐረፈ። ለመምህራን የተወው ትምህርት ግን ይህ ነው፦ ፍቅር ለልጅ እንደ ደመወዝ ተሰፍሮ አይከፈልም፤ ያለ ዋጋ የተሰጠው ልጅም በፋንታው መልካም የሚሠራበትን መንገድ ማሳየት የመምህሩ ዕዳ ነው።